ራስህ ስንት ነህ?

«ስልኬን! ኧረ ስልኬን ሞጨለፉኝ!»

መገናኛ ላይ ይህ ጩኸት ብርቅ አይደለም። ብርቁ ከጩኸቱ በኋላ የሚመጣው ሙሾ ነው። ልጁ የሚያለቅሰው ለስልኩ እንዳይመስላችሁ። «ስልኩስ ይሁን፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ውስጡ ያለው ዘፈን ነው። ከጥላሁን ገሠሠ ጀምሮ አምና እስከወጣው አልበም ድረስ ጢም አድርጌ ሞልቼው ነበር!»

«በስንት ገዝተኸው?»

«ምን እገዛለሁ? ከቴሌግራም አውርጄ ነዋ!»

«እንግዲያው ተጽናና ወንድሜ። ዘፈኑ አልተሰረቀም፤ ሌባ ነው የቀየረው።»

ነገሩ ተረብ ቢመስልም ሕጉ ከእኛ የባሰ ተረበኛ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 665 የሰው ዕቃ ሰርቆ የተገኘን እንደ ነገሩ ክብደት በቀላል እስራት ወይም ከ5 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ይቀጣል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ አንቀጽ 36 ላይ ሆን ብሎ መብት የጣሰውን ከ5 ዓመት በማያንስ፣ ከ10 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት ይለዋል። ሁለቱም የ1996 ልጆች ናቸው፤ በአንድ ዓመት የተወለዱ። ሒሳቡን እንግዲህ ሥሩት፦ ስልኩን የሞጨለፈው ቢበዛ 5፣ ስልኩን በዘፈን የሞላው ቢያንስ 5። ሞጭላፊው ፍርድ ቤት ቆሞ «ክቡር ዳኛ፣ እኔ የወሰድኩት ቀፎውን ብቻ ነው፤ ዘፈኑን አላዳመጥኩም» ቢል ጠበቃ አያስፈልገውም።

ቅጣቱ እንዲህ የከበደው ብዙም ማንም ላይ ስለማይወርድ ይመስለኛል። ፖሊሱ 5 ዓመት የሚያስፈርድ ወንጀል ፊቱ ሲፈጸም ያያል፤ አይቶም ይጠይቃል፦ «ይሄን ለኔም ትጭንልኛለህ?»

ከመገናኛ ወደ ሾላ ገበያ አንድ እግር መንገድ ነው። እዚያ የፍላሽና የሚሞሪ ሞዪዎች አሉላችሁ። ኮምፒዩተር፣ ወንበር፣ በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት። አለቀ። ዘፋኙ ማን እንደሆነ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ጊጋው ነው።

«ስንት ጊጋ ነው ያለህ?»

«አሥራ ስድስት።»

«ምን ልሙላልህ?»

«ደስ ያለህን። እስኪጠግብ።»

አርቲስቱ ሁለት ዓመት ስቱዲዮ ተዘግቶ ያወጣው አልበም እንዲህ ነው የሚስተናገደው፤ ባዶ ቦታ መሙያ ሆኖ። ከሞዪዎቹ መካከል ግን አንድ የነቃ አይጠፋም። ሌባ በለውማ! አዋጁን ከነአንቀጹ ይጠቅስልሃል። «ፍሬንድ፣ ሕጉን አንብበኸዋል? አንቀጽ 9 እኮ ለግል ጥቅም መቅዳት ይፈቅዳል። እኔ ደግሞ ለራሴ ነው የቀዳሁት።»

ልክ ነው፤ ይፈቅዳል። አንድ ሰው፣ የወጣ ሥራን፣ ለራሱ የግል ጥቅም ብቻ፣ በአንድ ቅጂ። አንድ! በዚሁ ልጅ በር ላይ ግን ከሾላ እስከ ላምበረት የሚደርስ ሰልፍ አለ፤ ሁሉም «ለራሴ» እያለ ፍላሹን ያቀብላል።

«ለራሴ ነው ያልከው?»

«አዎ፣ ለራሴ።»

«ራስህ ስንት ነህ?»

አሁን ወደ ምክንያቶቹ እንግባ፤ ዘፈን የሚያወርድ ሰው ከዘፈኑ በላይ የሚያምር ምክንያት አለውና።

«ዘፋኙ ሀብታም ነው፣ እኔ ቺስታ ነኝ።» ይህን የሚለው ልጅ እጁ ላይ የያዘውን ስልክ አይታችሁታል? የስልኩን ዋጋ ስትሰሙ ቺስታው እናንተ ትሆናላችሁ።

«ማስታወቂያ እየሠራሁለት ነው።» ማስታወቂያ ሠሪ ከባለ ዕቃው ይከፈለዋል እንጂ ዕቃውን ይዞ አይሄድም።

«ፈረንጅስ ይሰርቅ የለ?» ይሰርቃል! እ.ኤ.አ. በ1999 ናፕስተር የሚባል የዘፈን መቀባበያ ከፍተው ዓለምን ሲያጥለቀልቁት ነበር። በ2000 ሜታሊካ የተባለው የሮክ ባንድ ከሰሳቸው፤ በ2001 ተዘጋ። ፈረንጁ ሰርቆ፣ ተከሶ፣ ዘግቶ ጨርሷል። እኛ ገና ማስፋፊያ ላይ ነን።

«ናፍቆት ነው።» ይህ የዋሽንግተኑ ወንድማችን ነው። ሲዲውን አንድ ጊዜ ገዝቶ ዩቲዩብ ላይ ይሰቅለዋል፤ ከሥሩም የባንዲራ ምልክት ደርድሮ «ለሀገሬ ሙዚቃ ካለኝ ፍቅር» ብሎ ይጽፋል። ፍቅሩ መሐል ላይ ማስታወቂያ ይገባበታል። የማስታወቂያው ገቢ በዶላር ነው፤ ናፍቆቱ ግን በብር እንኳ አልተላከም።

«መክፈያ መንገድ የለም።» ይቺኛዋ አንድ ሰሞን እውነት ነበረች፤ አልክዳትም። የውጭዎቹ መደብሮች የሚጠይቁትን ካርድ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ በእጁ የያዘ ሰው ፍለጋ መውጣት ቀላል አልነበረም። ቴሌብር ግን ከግንቦት 2013 ጀምሮ አለ። ልጁ በቴሌብር ካርድ ይሞላል፣ ለእናቱ ይልካል፣ የውርርድ ሒሳቡን ያወራርዳል። ዘፈን ላይ ሲደርስ ብቻ ኔትወርክ ይጠፋበታል።

ደግሞ «በነፃ ነው ያወረድኩት» የሚሉት ነገር! ነፃ የሚባለውን ዘፈን እስቲ መንገዱን ተከተሉት። ስልኩን ለነጋዴው ከፍሏል። ፓኬጁን ለኢትዮ ቴሌኮም ከፍሏል። ቻርጅ ያደረገበትን ለመብራት ኃይል ከፍሏል፤ መብራቱ ሲሄድ የሚተካበትን ፓወር ባንክ ለብቻው ገዝቷል። የጆሮ ማዳመጫውን ጉርድ ሾላ አስፋልት ዳር ከአዟሪ ገዝቶታል፤ አንዱ ጆሮ መሥራት ሲያቆም ደግሞ ሌላ ገዝቷል። ለሞዪውም የሻይ አቅምሷል። ዘፈኑ እጁ እስኪገባ ድረስ መንገድ ላይ የነበረው ሁሉ ተከፍሎታል። ያልተከፈለው የዘፈነው፣ ዜማውን ያወጣውና ግጥሙን የጻፈው ነው። እነሱ የደረሳቸው «ሞት ነው የምወድህ!» የሚል ኮሜንት ነው። ነፃ ዘፈን የለም፤ ክፍያው ሌላ ቤት የገባ ዘፈን ነው ያለው።

ከተረበኛም ተረበኛ አለ። ቀበና አካባቢ አንድ አንባቢ ነኝ ባይ ክርክሩን ከጥንት ይጀምረዋል። «ወርቃማው ዘመን የምትሉት ራሱ የተጀመረው ያለ ፈቃድ ነው! አምሃ እሸቴ ማንን አስፈቅዶ ነው ሸክላ ያሳተመው?»

እውነቱን ነው፤ ታሪኩም ያምራል። በንጉሡ ጊዜ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ማኅበሩ መብቱን ይዞ ተኝቶበታል፤ ዘመናዊዎቹ ወጣቶች በየምሽት ክበቡ ጉሮሯቸውን ሲሰነጥቁ ድምፃቸውን የሚያስቀር የለም። ሃያዎቹን ገና የጀመረ የሙዚቃ ቤት ባለቤት፣ አምሃ እሸቴ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ደፈረ። ዓለማየሁ እሸቴን አስቀረጸና ሸክላውን ሕንድ አሳትሞ አስገባ። ማኅበሩ ዛተ፣ ወረቀት አወጣ፤ ሸክላው ግን ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ1975 ከሀገር እስኪወጣ ድረስ በአምሃ ሪከርድስ ስም ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎች ወጡ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» ብሎ ለዓለም ያሰማው ከዚያው ጎተራ ብዙውን ዝቆ ነው።

እና አምሃ ሕግ ጥሷል? ጥሷል። ነገር ግን የጣሰው ማንን ነው? የማይሠራበትን መብት ታቅፎ የተቀመጠ መሥሪያ ቤትን። ዘፋኙን ስቱዲዮ ያስገባው፣ ባንዱን የሰበሰበው፣ የሕንድ ማተሚያ ቤቱን ሒሳብ ያወጣው ከራሱ ኪስ ነው፤ ቢከስር ከሳሪው እሱ ነበር። አንተ ግን፣ የቀበናው አንባቢ፣ ከአምሃ የወሰድከው አለማስፈቀዱን ብቻ ነው፤ ገንዘብ ማውጣቱን ተውክለት። ስንት ሸክላ አሳተምክ? «አሥራ ስድስት ጊጋ!» እንዳትለኝ።

አምሃ በወጣ ሰሞን ሌላ ነገር መጣ። ደርግ ሰዓት እላፊ አወጀና የምሽቱ ሙዚቃ ትንፋሽ አጠረው፤ ሸክላው ቀስ በቀስ ቆመ፤ ካሴት ነገሠ። ካሴት የዋህ ነው፤ ከሸክላ ጋር ሲተያይ ምሥጢር አይጠብቅም። ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ያለው ሁሉ አሳታሚ ሆነ። ባዶ ክር ይዘህ ትገባለህ፣ ዘፈን ትመርጣለህ፣ ማታ መጥተህ ትወስዳለህ። የዛሬው ሞዪ አባቱን ነው የወረሰው፤ ጋሼ ቴፕ ነበራቸው፣ እሱ ኮምፒዩተር አለው። ስለዚህ «የዘንድሮ ልጅ ሌባ ሆነ» የሚሉ አዛውንቶች እቤታቸው ያለውን የካሴት መደርደሪያ መጀመሪያ በነጠላ ሸፈን ቢያደርጉት ደግ ነው።

ዘፋኞችስ? እነሱን ልተዋቸው አላሰብኩም። መግለጫ ሲሰጡ አንጀት ይበላሉ፤ «ላባችንን ተበላን» ይላሉ፤ ተበልተዋልም። ግን ያንን የወሎ ዜማ ከየት አመጡት? ከአንድ አዝማሪ። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ባለበት ቀረ፤ ዜማው ክሊፕ ተሠራለት፤ አልበሙ ላይ «ግጥምና ዜማ» ከሚለው ቀጥሎ የዘፋኙ ስም ተጻፈ። ብትጠይቀው «የሕዝብ ነው» ይልሃል። ሲወስድ የሕዝብ ነው፣ ሲሸጥ የሱ ነው፣ ሕዝቡ መልሶ ሲወስደው ደግሞ ስርቆት ነው! የሱዳኑንና የሕንዱን ዜማ ጉዳይ ላንሳው ብል አምዱ አይበቃኝም።

አቀናባሪውም አለ። ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ «ኮፒ የሚያደርግ ይቀጣል» የሚል ለጥፏል።

«ወንድሜ፣ ይሄ የምታቀናብርበት ሶፍትዌር ኦርጅናል ነው?»

«አይ… ክራክ ነው።»

«እና ወረቀቱን ለማን ነው የለጠፍከው?»

«ለሚገባው።»

«አንተማ ገብተሃል።»

ይህ ሁሉ ግን ሞዪውን ነፃ አያወጣም። ዘፋኙ ከአዝማሪው ሰርቆ ከሆነ ዕዳው ለአዝማሪው ነው፤ ፍላሽ ሞልቼ አዝማሪውን ተበቀልኩለት የሚል ሰው ካለ ሒሳቡን ለአዝማሪው ያስገባበትን ደረሰኝ ያሳየኝ።

እስቲ ወደ ላይ እንውጣ፤ አየሩም ይለወጥልን። እንጦጦ ከባሕር ጠለል ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ላይ ለመሮጥ ሳንባ፣ ለመዋሸት ደግሞ ድፍረት ይጠይቃል። ፓርኩ መስከረም 30 ቀን 2013 ከተመረቀ ወዲህ በማለዳ የሚሮጠው ከተሜ በዝቷል። ጫማው ኦርጅናል፣ ቱታው ኦርጅናል፣ ሰዓቱ የልብ ምት የሚቆጥር። ጆሮው ውስጥ ያለው ዘፈን ብቻ ከቴሌግራም ነው። ከባሕር ዛፉ መሐል ደግሞ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው የተሸከሙ እናቶች ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ይወርዳሉ፤ ይህ እንግዲህ ፓርክም ሯጭም ሳይኖር የነበረ መንገድ ነው። አንዱ ሯጭ የዜግነት ግዴታው ትዝ ይለዋል።

«እማማ፣ ይሄ እኮ የመንግሥት ደን ነው። ፈቃድ አለዎት?»

ጎንበስ እንዳሉ ቀና ብለው ያዩታል። «አይ የኔ ልጅ! ጆሮህ ውስጥ የሚያንጎራጉረው ማነው?»

ስሙን ይነግራቸዋል።

«እሱስ ፈቅዶልሃል?»

«ይሄ… ይሄ እኮ ሙዚቃ ነው እማማ።»

«ይሁን ልጄ። እኔ ዘቡ ሲመጣ ሸክሜን ይዤ እሮጣለሁ። አንተ ሰርቀህ፣ በዚያ ላይ ለጤናህ ትሮጣለህ!»

ልጁ የልብ ምቱን ሰዓቱ ላይ አየ አሉ። ጨምሮ ነበር።

መዝሙሩንም ላንሳው፤ እሱን ያነሳ ሰው ቁጣ ይጠብቀዋል ግን አንዴ ጀምሬያለሁ። ጥር 12 የካ ሚካኤል ታቦቱ ሲገባ መንገዱ በሕዝብ ይሞላል፤ ዳር ዳሩን መዝሙር የሚሸጠውም ይሞላል፤ ዘማሪው የማያውቀው ቅጂ። ሻጩን ብትጠይቀው «የእግዚአብሔር ቃል አይሸጥም አይለወጥም፤ ሁሉም በነፃ ሊሰማው ይገባል» ይልሃል።

«አሜን። እንግዲያው አንዱን በነፃ ስጠኝ።»

«እንዴ! ባዶውን እኔ ገዝቼ?»

የፍላሹ ልጅ ላይ ብቻ ምላሴን ካሳረፍኩ ግን ፈሪ ነኝ ማለት ነው። እሱ ትንሹ ነው። ትልቁ ሰሚ ሌላ ነው፤ ሆቴሉ፣ ጭፈራ ቤቱ፣ ኤፍኤሙ፣ ሀገር አቋራጭ አውቶቡሱ፣ የሠርጉ ዲጄ። ቀን ከሌት የሰው ዘፈን እየከፈቱ ገንዘብ የሚሠሩ ናቸው። የሲኤምሲ መንገድ ዳር ያለ አንድ የሆቴል ሥራ አስኪያጅ ብታናግሩት ምን የሚል ይመስላችኋል?

«ዘፈኑን እኛ እኮ አንሰማውም ጌታዬ። የከፈትነው ለደንበኛ ነው።»

«ቢራውንስ እርስዎ ነዎት የሚጠጡት?»

«ኧረ ደንበኛው ነው።»

«ታዲያ ለፋብሪካው ለምን ይከፍላሉ?»

ለዚህ ለዚህ ነው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ማሻሻያ ሆኖ የመጣው። ዘፋኝ በየሆቴሉ በር እየዞረ «ዘፈኔን ከፍታችኋል ወይ?» ሊል አይችልም፤ ቢልም ዘበኛው አያስገባውም። ማሻሻያው ባለመብቶች በጋራ የሚተዳደሩበት ማኅበር አቋቁመው ሮያሊቲ እንዲሰበስቡና እንዲከፋፈሉ በር ከፈተ። በሩ ከተከፈተ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነ። የየካ ሆቴሎች ሞንታርቦ እስከ ኮተቤ ይሰማል፤ የሮያሊቲው ድምፅ ግን አጠገቡ ሆነህም ጆሮህን ካላቀናህ አይሰማም። የካሴቱ ዘመን ሕጋችን እንኳ ከዚህ የተሻለ ምክንያት ነበረው፤ ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥቂት አንቀጾች በቀር ይህ ነው የሚባል የቅጂ መብት ሕግ አልነበረም። አሁን አዋጁ አለ፣ ማሻሻያው አለ፣ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ አለ። የጎደለው «ሒሳብ» የሚል ሰው ነው።

«ሒሳብ» ያለ ሰው አልጠፋም ነበር። ኤልያስ መልካ አቀናባሪ ነበር፤ የአንድ ትውልድን ጆሮ የሠራ ሰው። ጉዳዩን በስብሰባ አዳራሽ ከመጮህ አልፎ ከእነ ጆኒ ራጋና ኃይሌ ሩትስ ጋር ሆኖ አውታር የሚባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ በ2011 አቆመ፤ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ተባብረው፣ ሰው በስልኩ ዘፈን እንዲገዛ። መስከረም 2012 ላይ ሞተ። ያን ጊዜ የካ ውስጥ ዘፈኖቹን ያልከፈተ ታክሲ አልነበረም። በየፌስቡኩ ሻማ አበሩለት፤ «መቼም አንረሳህም» አሉ። ከዚያም ለመታሰቢያ ይሁን ብለው ሥራዎቹን ሁሉ ባንድ ላይ ጠቅልለው በቴሌግራም ለቀቁለት። ይህኛው ላይ ተረብ አይመጣልኝም።

በኋላ ሰዋሰው የሚባለው የሙዚቃ መተግበሪያ መጣ፤ ለዘፋኞች ዳጎስ ያለ ብር ከፍሎ አልበም ማውጣት ጀመረ። አልበሙ ሌሊት ይወጣል፤ ጠዋት ሾላ ሞዪው ጋ ነው። ልጁን «እንዴት ደረሰህ?» ብትለው «እኔ እኮ ቀደም ብዬ ነው የምነሳው» ይላል፤ ታታሪ ነኝ ማለቱ ነው።

ይህንን አምድም አውቃለሁ። ነገ ፎቶ ተነስቶ፣ ስሜ ከላይ ተቆርጦ፣ ከሥሩ «ሼር በማድረግ ለወዳጅዎ ያድርሱ» ተብሎ በአንድ ቻናል ይዞራል። አዘጋጁ ደውሎ «ያንተን ጽሑፍ አየሁት፤ ግን የሌላ ሰው ነው ይላል» ይለኛል። ክፍያ የዘገየበት አዘጋጅ ስለ ስርቆት ሲያዝን ማየት የራሱ ዜማ አለው።

አሁን ታክሲ እንያዝ፤ ከመገናኛ ኮተቤ። ፍላሹ ተሰክቷል፤ ድምፁ የመኪናውን መስኮት ያርገበግባል። ረዳቱ ግማሽ ገላው ውጭ ሆኖ አብሮ ይዘፍናል፤ ስንኝ አይስትም። ከኋላ ወንበር ላይ ኮፍያውን ዝቅ ያደረገ ሰውዬ ተቀምጧል።

«ከኋላ ሒሳብ! ጋሼ፣ ሒሳብ!»

«ይሄ የሚዘፍነውን ሰውዬ ታውቀዋለህ?»

«ምን ማለትዎ ነው! በሱ ላይ ቀልድ የለም። እኔ ቀንደኛ ቲፎዞው ነኝ፤ ካንዱም አልበሙ አንድ ዘፈን የለኝም እንዳይሉኝ!»

ሰውየው ኮፍያውን ከፍ ያደርጋል። ረዳቱ አፉን ይከፍታል። በሩን መዝጋት ይረሳል። «አንተ! አንተ ራስህ ነህ? ወይኔ! ወንድሜ ሞት ነው እኮ የምወድህ! ቀኑን ሙሉ አንተን ነው የምንሰማው፣ ሹፌሩን ጠይቀው!»

«እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው ዛሬ የኔን ሒሳብ ተወውና እንተሳሰብ።»

ረዳቱ ፈገግታውን ሰብሰብ አድርጎ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች ያየዋል። «ኧረ እሱ እንኳ አይሆንም የኔ ወንድም። ሒሳቡ የባለመኪናው ነው። የሰው ንብረት ያለፈቃዱ እንዴት ብዬ በነፃ እሰጥሃለሁ? ሌባ ልታደርገኝ ነው?»